እናቴ የወለወለችው ካቢኔት

ጠዋት ሻይ ልጥድ ወጥ ቤት ስገባ፣ የታጠበ ዕቃ የሚንጠፈጠፍበት መደርደሪያ ላይ፣ በብርጭቆዎቹና በማንኪያዎቹ መካከል፣ የባሌ የፋይበር ክዳኖች ታጥበው ተደርድረው አገኘኋቸው። ክዳን ስል የድስት ክዳን እንዳይመስላችሁ። ከትንሽ ጣት ጥፍር የማይበልጡ፣ ሰማያዊና ነጭ የላስቲክ ቆቦች ናቸው። ኢንተርኔቱን ይዞ የሚመጣው መስታወት እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ ጫፉ ላይ አቧራ እንዳያርፍ የሚከድኑት እነሱ ናቸው። ባሌ ስለ እነሱ ሲያወራ ሰው ስለ ልጆቹ በሚያወራበት ድምፅ ነው፤ "ክዳኗ ከወለቀች አለቀልን" ይላል። አሁን ግን ሁሉም ወልቀዋል። ነጭ ጨርቅ ተነጥፎላቸው፣ አፋቸውን ወደ ታች ደፍተው፣ በሰልፍ ይንጠፈጠፋሉ። የበረኪናው ሽታ ኮሪደሩ ድረስ ወጥቶ ይቀበላል። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጬ እናቴን ፍለጋ ወጣሁ።

ካቢኔቱ ያለው ከአጥራችን ውጪ፣ ከበሩ በስተቀኝ ነው። የሰው ደረት የሚደርስ፣ ግራጫ ቀለም የተቀባ የብረት ሣጥን ነው፤ የሰፈሩ ኢንተርኔት በሙሉ በሆዱ ውስጥ ያልፋል። ባሌ የዚህና የአካባቢው ካቢኔቶች ሁሉ ቴክኒሻን ነው። ከሥራው ግማሹ መስመር ማገናኘት ሲሆን፣ ትልቁ ግማሽ ግን፣ እሱ እንደሚለው፣ ከአቧራ ጋር መደባደብ ነው። የበሩ ጎማ ሲላላ ይቀይራል፤ ገመድ የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ እንደ ሊጥ በለሰለሰ ማሸጊያ ይደፍናል፤ የማራገቢያውን ማጣሪያ ያራግፋል። ይህ ሁሉ ተደርጎም የመሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ ባለፈው መጥቶ ቆሻሻ አገኘ። ከዚያ በፊትም መጥቶ አግኝቶ ነበር። ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ይመጣል፤ ዛሬም ካገኘ ባሌን ወደ ሩቁ ጣቢያ ሊያዛውረው ምሎ ሄዷል። ሩቁ ጣቢያ የሚባለው ሜዳ መሃል ያለ፣ ነፋስ የማይተኛበት ቦታ ነው፤ እዚያ ከርመው የመጡ ሰዎች ቅንድባቸው ነጥቶ ይመለሳል፣ ቢታጠቡትም አይለቅም ይባላል። እኔ የልብስ ስፌት ደንበኞቼንና እናቴን ጥዬ መሄድ አልችልም። ባሌም ያለ እኔ እንቁላል እንኳ አይቀቅልም። ስለዚህ የትዳራችን ነገር እዚያ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ነበር፤ ለካ የቆለፍነው መስሎን ነው።

እናቴን ሰፈሩ ከፊቷ "እትዬ"፣ ከኋላዋ "በረኪና" ይላታል። ዕድሜዋን የፈጀችው በሆስፒታል የቀዶ ጥገና ክፍል ጽዳት ነው፤ ሐኪሞቹ ቢላ ከመያዛቸው በፊት የጫማቸውን ሶል ለእሷ ያሳዩ ነበር ትላለች፣ ማንም ደፍሮ አልተከራከራትም። ጡረታ ስትወጣ የቀዶ ጥገናውን ክፍል ይዛው ወደ ቤት መጣች። ሳሎናችን ውስጥ ሶፋው ላስቲክ ለብሷል፣ ላስቲኩ ጨርቅ ለብሷል፣ ጨርቁ ደግሞ ዳንቴል ለብሷል፤ እንግዳ ሲቀመጥ ከሥሩ የሚንኮሻኮሸው ነገር ምን እንደሆነ ሳይገባው ተነስቶ ይሄዳል። የዋይፋዩ ዕቃ ሳይቀር በልኩ የተሠራ ዳንቴል አለው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለሱቅ የሳሙና ዋጋ የጨመረ ዕለት ሱቁን ዘግቶ የሚውለው እሷን ፈርቶ ነው፤ እሱ ግን ዕቃ ላመጣ ሄጄ ነው ይላል።

ከባሌ ጋር አይነጋገሩም። ተጣልተው አይደለም። በተጋባን ሰሞን እሱ ስለፈራት ዝም አለ፣ እሷ ዝም ሲላት ኮራብኝ ብላ ዝም አለች፤ በዚያው ሥር ሰደደ። እሱ ፊቷ ተቀምጦ ዳቦውን እያላመጠ "እሱ ሰውዬ በላ ወይ?" ትለኛለች። እሱም ጎርሶ ሳይጨርስ "በልቻለሁ በያቸው" ይለኛል። እኔ መሃል ቆሜ የአንዱን ለሌላው አስተላልፋለሁ፤ ከካቢኔቱ የምለየው ደመወዝ የሚከፈለው ቴክኒሻን ስለሌለኝ ነው። የሥራ ቱታው ደግሞ ቤት አይገባም። ማታ በረንዳ ላይ ያወልቀዋል፤ እናቴ በዱላ ትቀጠቅጠውና ምስማር ላይ ትሰቅለዋለች። የካቢኔቱ ቁልፍ የሚያድረው እዚያ ቱታ ኪስ ውስጥ ነው፤ ይህን ከማንም አልደበቅንም፣ ማን ይነካዋል ብለን።

እናቴን ያገኘኋት ጓሮ መጥረጊያ ስታጥብ ነው። መጥረጊያ በሳሙና የሚታጠብበት ቤት የእኛ ብቻ ይመስለኛል።

"እማዬ፣ እነዚያ ትንንሽ ክዳኖች…"

"ደረቁ?"

"ከየት አመጣሻቸው?"

"ከዚያ ቁምሳጥን ነዋ!" ካቢኔቱን ቁምሳጥን ነው የምትለው። "እንዴት ያለ ቆሻሻ መሰለሽ። እንኳን ሰው አላየው። በጥርስ ብሩሽ ፈግፍጌ ነው የለቀቁልኝ።"

"አንቺ ከፈትሽው?"

"ታዲያ ማን ይክፈተው? በደጄ ቆሞ!"

ከዚያ በኋላ ነገሩን በቁርጥራጭ አወጣኋት። ባሌ በእራት ሰዓት "አቧራ ተገኘብህ ተባልኩ" ብሎ ለእኔ የነገረኝ ጊዜ፣ እሷ አንገቷን ደፍታ ስትበላ የሰማች አልመሰለኝም ነበር። ለካ አንዲት ቃል አላመለጣትም። ከማግስቱ ጀምሮ እኛ ተኝተን ሳለ እየተነሳች፣ ቁልፉን ከቱታው ኪስ እያወጣች፣ ካቢኔቱን ከፍታ በላባ መጥረጊያ ታራግፍለታለች። መጥረጊያው የማይደርስበትን ሥርቻ በአፏ እፍ ትላለች። ባሌ እንደሚለው የሰው ትንፋሽ እርጥበት ስላለው ፋይበር ላይ ከአቧራ ይብሳል፤ አንድ ጊዜ እኔ እፍ ልል ስል አፌን በመዳፉ ከድኖኛል። ምስኪን ጎማ ሲቀይር፣ ቀዳዳ ሲደፍን፣ ቆሻሻው ከየት ይመጣል ብሎ ሲብሰለሰል የከረመው ለዚህ ነው። ዛሬ ደግሞ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ልዩ ዝግጅት ተደርጓል። ውስጡ በእርጥብ ፎጣ ታጥቦ የዕቃ መወልወያ ቅባት ተቀብቷል፤ ብል እንዳይገባ በየጥጉ ናፍታሌን ተቀምጧል፤ ዳንቴል ለብሷል፤ ወለሉ ላይ የእግር መጥረጊያ ምንጣፍ ተነጥፏል።

"ለማን እግር?" አልኳት።

"ለሚገባው።"

"ለምን አልነገርሽንም ታዲያ?"

"ለማን? ለእሱ? ሰው እየጠረገለት መሆኑን ካወቀ እኮ ይሰንፋል።"

ልቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር። ነገር ግን በዚያ የንጋት ብርድ፣ በጋቢዋ ተጀቡና፣ አላፊ አግዳሚ እንዳያያት እየተሳቀቀች፣ አፍ አውጥታ ለማታናግረው ሰው ስትጠርግ ታየችኝና ወደድኳት። ልቆጣትም ፈልጌ ነበር። ሁለቱም ባንድ ላይ ስለመጡብኝ ጥያት ወደ ስልኬ ሄድኩ።

"ክዳኖቹ ታጥበዋል" አልኩት ባሌን።

"የትኞቹ ክዳኖች?"

"ያንተ።"

በስልኩ ውስጥ የሆነ መሣሪያ መሬት ላይ ሲወድቅ ሰማሁ።

"በምን?"

"በበረኪና።"

"ተቆጣሻቸው?"

"ማን? እኔ?"

"ደግ አድርገሻል። መጣሁ።"

ተቆጣጣሪው ያን ጊዜ ወዲያኛው ሰፈር ያለውን ካቢኔት እየፈተሸ ነበር፤ ባሌ ሆዴን ቁርጠት ያዘኝ ብሎ ነው አምልጦ የመጣው። ሮጦ ስለመጣ እውነትም ቁርጠት የያዘው ይመስላል። ካቢኔቱን ሲከፍተው የሎሚ ሽታ ያለው ቅባት ፊታችንን መታን። ገመዶቹ ከነመደርደሪያቸው በነጭ ዳንቴል ተሸፍነዋል፤ ዘርፉ በሁለቱም በኩል እኩል ወርዷል፤ እናቴ መለካት ትወዳለች። ባሌ ዘርፉን በጣቱ ነካ አደረገው። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ዳንቴሉን በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ አነሳና፣ የሚያስቀምጥበት ቦታ ቢያጣ፣ ቱታው ደረት ውስጥ ወተፈው፤ ናፍታሌኑን ከየጥጉ ለቅሞ ኪሱ ከተተ፣ ምንጣፉንም ስቦ መሬት ላይ ጣለው።

ባለሱቁ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። "ኔትወርክ ጠፋብኝ እኮ፣ ደንበኛ በስልኩ ልክፈልህ ብሎ ግማሽ ሰዓት ቆሞብኛል፣ ብስኩቱን እየበላ ነው የሚጠብቀው" አለ። አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ አየና፣ "ሽታው ግን ደስ ይላል፣ ምን አደረጋችሁበት?" አለ። ባሌ ዞሮ ሲያየው እግሬ አውጪኝ ብሎ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ክዳኖቹን በትሪ ይዤ ወጣሁ። ባሌ አንዷን ወደ ብርሃን አነሳትና ውስጧ ውሃ እንዳለ አሳየኝ፤ እርጥብ ክዳን ከመክደን ክፍቱን መተው ይሻላል አለኝ። የፀጉር ማድረቂያ ላምጣ ብል እጁን አወናጨፈ፤ የሚነፋ ነገር ሁሉ አቧራ ይነፋል። ስለዚህ ስፌት ክፍሌ ገብቼ፣ ለደንበኛ ቀሚስ የጋለውን ካውያ ሳላስነካ ከበላያቸው እያንሳፈፍኩ በሙቀቱ አደርቃቸው ጀመር። አንዷ ቀልጣ ጨርቁ ላይ ቀረች። የሌሎቹን ነፍስ አተረፍኩ። የደረቁትን ይዤ ስመለስ ባሌ ተንበርክኮ የእያንዳንዱን መስመር ጫፍ በአልኮል በተነከረች ለስላሳ ወረቀት እየነካካ ያጸዳል፤ እናቴ ደግሞ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ከጀርባው ቆማለች። በመካከላቸው አንድ ክንድ ቢሆን ነው። እኔ እስክመጣ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ መልእክተኛ ሲጠብቁ ነው የቆዩት።

"በዚህች ቁራጭ ወረቀት ነው የሚጠርገው?" አለችኝ እናቴ። "ንገሪው፣ ፎጣ አለ።"

"ፎጣ ክር ይጥላል በያቸው።"

"የእኔ ፎጣ? የእኔ ፎጣ ክር ይጥላል? ንገሪው፣ ሐኪም እጁን ያደረቀበት ፎጣ ነው!"

"አንዲት ክር እዚህ ጫፍ ላይ ካረፈች መንገድ ላይ ግንድ እንደወደቀ ነው፣ ብርሃኑ አያልፍም በያቸው።"

"ምን ብርሃን? ጭል እንኳ ሲል አላየሁበትም በይው።"

"በዓይን አይታይም በያቸው!"

"በዓይን ለማይታይ ነገር ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ጭንቅ?" አለች፤ ይህችን እንኳ ለማን እንድነግር አላወቅሁም፤ ለራሴ ያዝኳት።

ግማሹን መስመር ጠርጎና ከድኖ ግማሹ ሲቀረው ባለጓንቱ መንገዱ ጫፍ ላይ ብቅ አለ። ተቆጣጣሪውን ባሌ የሚጠራው እንዲህ ነው። ቀጭን ሰው ነው፤ ሱሪው ላይ ያለው የካውያ መስመር ፍራፍሬ ይልጣል። ምንጣፉን በእግሬ ገፍቼ ወደ ግቢያችን አስገባሁት። ባለጓንቱ "ሆድህ ተሻለህ?" ብሎ ባሌን ሰላም አለና፣ መልሱን ሳይጠብቅ ከኪሱ በላስቲክ የታሸገ ነጭ ጓንት አውጥቶ ጣት በጣት ማጥለቅ ጀመረ። እናቴ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። ዕድሜዋን ሙሉ በምድር ላይ ብቸኛ መስሏት የኖረች ሴት ቢጤዋን ያየችው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ዓይኗ ወደ ጫማው ወረደ፣ ፊቷም አብሮ ወረደ።

"አንተ ልጅ፣ ያን የመሰለ ጓንት አድርገህ ጫማህ ምንድነው?" አለችና ጎንበስ ብላ በያዘችው ጨርቅ ጫማውን ትጠርግለት ጀመር። ባለጓንቱ አንድ እግሩን አንስቶ "እናቴ፣ ይተዉት፣ ሥራ ላይ ነኝ" እያለ በሌላው ዘለለ። የተነሳውን ከጠረገች በኋላ ሌላውን እስኪያነሳ ጠበቀችው። አነሳው፤ ምን ያድርግ።

ጓንቱን በካቢኔቱ ወለል ላይ አስኬደው። አነሳና አየው። በጎን ግድግዳዎቹ አስኬደው፣ የበሩን የላይኛ ጠርዝ ዳሰሰ፣ ማንም እጁን ወደማይሰድበት የኋላ ጥግ ሁሉ ጣቱን ላከ። ጓንቱ እንደወጣ ነጭ ነው። "እኔ በሥራ ዘመኔ" አለ ቀስ ብሎ፣ "እንዲህ ያለ የካቢኔት ወለል አላየሁም። ይሄ እኮ ሳሎን ነው።" ባሌ ትንሽ ደረቱን ነፋ፤ ዳንቴሉ ስላለበት ደረቱ ብዙ ተነፋ። እናቴ ደግሞ የነጠላዋን ጫፍ እያስተካከለች ሰማይ ሰማይ ታያለች፤ ሙገሳ ሲመጣ የምትቆመው እንደዚያ ነው። እኔ ያለቀልን መስሎኝ በልቤ እልል አልኩ።

ባለጓንቱ ግን ከቦርሳው ሌላ ነገር አወጣ። የመስመሩን ጫፍ አጉልታ በትንሽ ስክሪን የምታሳይ ዕቃ ናት። ካልተጠረጉት መስመሮች አንዱን ሰካባት። ስክሪኑ ላይ አንድ ጥቁር ጠማማ ነገር ተጋደመ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ክር ይመስላል" አለ ባሌ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

ሌላ ሰካ። "ይሄስ? ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ያለው?"

ባሌ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ።

"ላባ ነው። ላባ! ዶሮ ታረባለህ እዚህ ውስጥ?" ሦስተኛውን ሰካ፤ ስክሪኑ ላይ የዘይት ኩሬ የመሰለ ነገር ወጣ። ባለጓንቱ መስመሩን ነቅሎ ወደ አፍንጫው አስጠጋ። "ሎሚ ሎሚ ይላል" አለና መስመሩን በቦታው መለሰ። ከዚያ በኋላ ድምፁ የመሥሪያ ቤት ድምፅ ሆነ። "ሦስተኛህ ነው። ቃሌን ሰጥቼሃለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ሩቁ ጣቢያ ትሄዳለህ።"

ባሌ አንዲት ቃል ቢናገር ይድን ነበር። ጣቱን እንኳ ማንሳት አያስፈልገውም፤ በዓይኑ ወደ እናቴ ቢያመለክት ላባ መጥረጊያው በብብቷ ውስጥ ነው። ባሌ ግን መሬት መሬት እያየ፣ "ልክ ነዎት" አለ። "የእኔ ሥራ ነው።" ልጮህበት ፈለግሁ፤ ይህን ሰው በማግባቴ ደግሞ ያን ዕለት የኮራሁትን ያህል ኮርቼ አላውቅም። ባለሱቁ ከማዶ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። ብስኩት የሚበላው ደንበኛም ያያል።

"ምን አልክ?" አለች እናቴ።

ለእኔ አይደለም ያለችው። ፊት ለፊት ለእሱ ነው። ከተጋባን ጀምሮ በቀጥታ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ሁለተኛው ተከተለ።

"ውሸታም!"

ባሌ ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

"የማንን ሥራ ነው የእኔ የምትለው? እየተኛህ? እያንኮራፋህ?" ወደ ባለጓንቱ ዞረች። "አሁን ሳሎን ነው ያልከውን ወለል የጠረግኩት እኔ ነኝ። ላባውም የእኔ ነው፣ ሎሚውም የእኔ ነው። ስታመሰግን የሠራውን ሰው እያየህ አመስግን።"

እስከ ዛሬ አላውቅም። ምስጋናዋን ተቀማሁ ብላ ነው፣ ወይስ እሱን ለማዳን ሌላ መንገድ አታውቅም? ጠይቄያት አላውቅም፤ ብጠይቃትም መጥረጊያ ታጥባለች እንጂ አትመልስልኝም።

"ጭራሽ!" አለ ባለጓንቱ፤ የአንገቱ ሥር ተገታተረ። "የመሥሪያ ቤት ካቢኔት ለውጪ ሰው አስከፈትክ?"

"የውጪ ሰው ማን ነው?" አለች። "እናቱ ነኝ።"

አማቱ አላለችም። እናቱ ነኝ አለች። እንባዬ መጣ፤ ሳቄም መጣ፤ ባሌን ቀና ብዬ ሳየው አፉን ከፍቶ፣ የዳንቴሉ ዘርፍ በቱታው አንገት ወጥቶ እንደ ጺም ተንጠልጥሎበታል። ሳቄ ቀደመ።

"እናቱም ቢሆኑ ዝውውሩ አይነሳም" አለ ባለጓንቱ።

"እዚያ የምትልከው ቦታ አቧራ አለ?"

"እናቴ፣ እዚያ ሌላ ነገር የለም።"

"እንዲህ ያለ ቁምሳጥንስ?"

ይህን ሲሰማ ኩራቱ ተነካ። "ቁምሳጥን? ይሄ እኮ ምንም ማለት አይደለም! እዚያ አዳራሽ ሙሉ ነው። የስንቱ ከተማ መስመር በዚያ ነው የሚያልፈው። ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሮ…"

"ማን ይጠርገዋል?"

"በልዩ መሣሪያ የሠለጠኑ ባለሙያዎች በየጊዜው…"

"ስለዚህ ማንም አይጠርገውም ማለት ነው" አለች እናቴ፣ ጉዳዩን እንደዘጋች ሁሉ። ዓይኗ ውስጥ ከጡረታዋ ወዲህ ያላየሁት ነገር በራ። ወደ እኔ ዞረች። "ትልቁን ሻንጣ አውርጂልኝ። ልጄ ብቻውን አይሄድም፣ እኔም አብሬው እሄዳለሁ። የላባ መጥረጊያ ሁለቱንም ክተቺ። በረኪናውን በጀሪካን አድርጊው። ክዳኖቹንማ እዚያው ደርሼ አጥባቸዋለሁ፣ አዳራሽ ሙሉ ከሆነ በርሜል ሳያስፈልገኝ አይቀርም። ዳንቴሉን ከአሁኑ ብጀምር ይሻላል።" ይህን ብላ እየፈጠነች ወደ ግቢ ገባች፤ ከቁም ሳጥኗ ዕቃ ስታወርድ ድምፁ ውጪ ድረስ ይሰማ ነበር።

ባሌን አየሁት። ሩቁ ጣቢያን የፈራ ሰው ነበር፤ አሁን ሌላ ፍርሃት ጨመረበት። ባለጓንቱ ግን ከባሌ ይብስ ነበር። መጀመሪያ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ከዚያ ዓይኑ በባሌ ደረት ላይ በተንጠለጠለው ዘርፍ ላይ አረፈና እዚያው ቆየ። አዳራሹን እያሰበ መሆኑ ፊቱ ላይ ይነበባል፤ ከወለል እስከ ጣሪያ ዳንቴል ለብሶ፣ የስንት ከተማ ሕዝብ ስልኩን ወደ ሰማይ አንስቶ እያወዛወዘ። ከግቢው ውስጥ "ናፍታሌንስ እዚያ ይገኛል ወይ በይው?" የሚል ድምፅ መጣ። ባለጓንቱ ጓንቱን ጣት በጣት አወለቀው።

"የቤተሰብ ሁኔታ ሲታይ" አለ፣ "ዝውውሩ ለጊዜው አያስፈልግም።"

"ለጊዜው?" አለ ባሌ።

"ለሁልጊዜም። ቁልፉን አምጣው። ከዛሬ ጀምሮ ቢሮ ነው የሚያድረው፤ ጠዋት ፈርመህ ትወስዳለህ፣ ማታ ፈርመህ ትመልሳለህ። ቁልፍ ማስገቢያውም ይቀየራል። ዛሬውኑ!" ወደ ግቢያችን በር እየሰረቀ ተመለከተ። "ወደ ሩቁ ጣቢያ የሚሄደው አውቶቡስ የት እንደሚቆም ለእሳቸው እንዳትነግራቸው" አለና፣ የሰላምታ እጁን እንኳ ሳይዘረጋ፣ በተወለወለ ጫማው ፈጥኖ ሄደ።

ባሌ ቀኑን ሙሉ ተንበርክኮ እያንዳንዱን መስመር በወረቀቱ ሲጠርግ ዋለ። ለቀለጠችው ክዳን ምትክ ከቢሮ አስመጣ። ሊመሽ ሲል ባለሱቁ "መጣ! መጣ!" ብሎ ከማዶ ጮኸ፤ ያ ደንበኛ ግን ብስኩቱን ጨርሶ ሄዷል። እኔ የደስ ደስ ድንች በሥጋ ሠርቼ ገበታ አቀረብኩ። እናቴ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፤ ሻንጣው እግሯ ሥር ተከፍቶ፣ ግማሹ በታጠፈ ፎጣ ተሞልቷል። እጇን አልታጠበችም። እንደ እሷ ያለ ሰው እጁን ካልታጠበ አይበላም ማለት ነው።

ባሌ ሳህኗን አንስቶ እሱ ራሱ ወሰደላት። ላስቲኩን እያንኮሻኮሸ አጠገቧ ተቀመጠ።

"እማማ" አላት፣ "ምነው ይብሉ እንጂ። ቀረሁ እኮ። ደስ አይልዎትም?"

"ላንተ ደስ ብሎኛል" አለች። ሻንጣውን አየች፤ ከላይ ያለውን ፎጣ አነሳች፣ መልሳ አጣጠፈችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ለሩቁ ጣቢያ ሰዎችስ ታዲያ ማን ሊጠርግላቸው ነው?"